ሸክላው ይቆይ፣ ካሴቱን ያስቀድሙ

«ከአባቴ አንድ ካርቶን ሸክላና ብዙ ካሴት ወረስሁ። ምን ዓይነት ማጫወቻ ልግዛ? ሸክላዎቹስ ዋጋ ያወጣሉ?» ብለው ለጠየቁት እህታችን፦

በመጀመሪያ አባትዎን ነፍስ ይማር። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ሸክላው ነው። እኔም የሸክላ ፍቅር ከያዘኝ ቆይቷል፤ ቢሆንም ምክሬ ካሴቶቹን ያስቀድሙ ነው።

ሸክላ በደህና ከተቀመጠ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ አለው። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ ደፍሮ ሕንድ አገር ያሳተማቸው የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈኖች ዛሬም ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮጲክስ» የተባለው ተከታታይ እትም የዚያን ዘመን ሙዚቃ ብዙውን በሲዲ አውጥቶታል። የካሴቱ ክር ግን ያረጃል፤ በውስጡ ያለው ድምፅም በዓለም ላይ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሠርግ ጭፈራ፣ ከሬዲዮ የተቀዳ ዝግጅት፣ ባሕር ማዶ የሄደ ዘመድ በደብዳቤ ፋንታ የላከው ድምፅ ሁሉ በዚያ ዘመን የሚቀዳው በካሴት ነበር። ሽፋኑን አይመኑ። የካሴቱን ጀርባ ይመልከቱ፤ ሁለቱ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ተሰብረው ቀዳዳቸው በፕላስተር ከተሸፈነ፣ አንድ ሰው በዘፋኙ ላይ ሌላ ነገር ሳይቀዳበት አይቀርም። እንዲህ ያለውን ከሁሉ በፊት ያድምጡ።

ከማጫወትዎ በፊት ክሩ ላይ ነጭ የሻጋታ ነጠብጣብ ካለ ቴፑ ውስጥ እንዳይከቱት፤ ሻጋታው ወደሌሎቹ ካሴቶች ይዛመታል። ከክሩ ኋላ ያለችው ትንሽ ትራስ ሙጫዋ ደርቆ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። መፍትሔው ክሩን በብሎን የሚፈታ ሌላ የካሴት ቀፎ ውስጥ ማዛወር ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከባድ ሥራ አይደለም። ለዓመታት ያልተነካ ካሴት መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይጠንጠን፣ ከዚያ ይመለስ፣ ከዚያ ይጫወት። የቴፑን ሄድ (ክሩ እየነካው የሚያልፈውን፣ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል) በየጥቂት ካሴቱ አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ። ድምፁ ደብዝዞ ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ የክሩ ላይሆን ይችላል፦ የተቀዳበት ቴፕ ሄድ አቀማመጥ ከእርስዎ ቴፕ ስለሚለይ ነው። ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን በጥቂቱ ሲያዞሯት ቀጫጭኑ ድምፅ በድንገት ይጠራል። ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ኦዳሲቲ በተባለው በነፃ የሚገኝ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ይቅዱና ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዌቭ ፋይል ያስቀምጡ፤ ኤምፒስሪውን ለስልክዎ በኋላ ያወጡታል።

ወደ ሸክላው ስንመጣ፣ በሻንጣ መልክ የሚሸጠውን ርካሽ ማጫወቻ አይግዙ። ከባድ መርፌው ድምፁ የተቀረጸበትን የሸክላውን ጎድጓድ መስመር ያርሰዋል። የክንዱ ክብደት የሚስተካከል፣ መርፌው 2 ግራም ገደማ የሚጫን ያገለገለ ማጫወቻ ይሻላል፤ የፎኖ መግቢያ (ሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበት) ያለው አምፕሊፋየርም ያስፈልገዎታል። ከትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ዙር ከሚዞሩት ሸክላዎች መሐላቸው ሰፊ ቀዳዳ ላላቸው ማስገቢያ ይግዙ። 78 ዙር የሚሉ ከባዶች ካሉ ግን በአልኮል እንዳያጥቧቸው፤ የተሠሩበት ሙጫ ይሟሟል። መርፌያቸውም ሌላ ነው። ሁሉንም ቀጥ አድርገው፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ያቁሟቸው።

ዋጋን በተመለከተ፣ አምሃ፣ ካይፋና ፊሊፕስ ኢትዮጵያ የተባሉት አሳታሚዎች ያወጧቸውን ሸክላዎች የውጭ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጓቸዋል። «ሁሉንም በጅምላ ልግዛ» የሚል ሰው ቀድሞ ከመጣ አይስማሙ። ዋጋውን የሚወስነው የጎድጓዱ ንጽሕና ነው። ሸክላው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የባለቤት ስም ለነጋዴ ጉድለት ነው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ለጭፈራ ወደ ሰው ቤት ይዞት የሄደ ወጣት እንዳይቀየርበት የጻፈው ይመስለኛል። አይፋቁት።

እስኪ የሸክላዎቹን መለያ ወረቀት ፎቶ አንስተው ይላኩልን፤ ከትልልቆቹ ውስጥ 78 የሚል ቁጥር ያለበት ካገኙ አብረው ይንገሩን፤ የመርፌውን ነገር ከዚያ እንነጋገራለን።