ጥያቄው፦ በደቡብ ፈረንሳይ ወዳለችው ኒም ከተማ ውሃ ይወስድ የነበረው የሮማውያን ቦይ፣ ቀጥታው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ ለምን 50 ኪሎ ሜትር ዞረ? ፓምፕስ ነበረው?

መልስ፦ ፓምፕ አልነበረውም፤ ውሃው በቁልቁለቱ ብቻ ነበር የሚፈስሰው። የዞረውም ለዚሁ ነው፤ በኡዜስ ከተማ አጠገብ ካለው ምንጭ እስከ ኒም ያለው ዝቅታ 12 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ ኮረብታዎቹን እየታከከ መሄድ ነበረበት። በአማካይ በኪሎ ሜትር 25 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ በጣም የሚያስደንቅ ልኬት ነው!

የጋርዶን ወንዝን ሸለቆ መሻገር ግን ግድ ስለነበረ፣ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን 49 ሜትር ከፍታ ያለውን ባለ ሦስት ደርብ ድልድይ፣ ፖን ዱ ጋርን ሠሩ። የታችኞቹ ሁለት ደርቦች ድንጋዮች ያለ ማጣበቂያ ነው የተገጣጠሙት። ውሃው ያልፍ የነበረው ከላይኛው ደርብ አናት ላይ ባለው ቦይ ነው። የውሃው ኖራ ግድግዳው ላይ እየጋገረ መንገዱን ያጠብበው ነበር።

ድልድዩን ከፎቶ የምትስለው ከሆነ ተጠንቀቅ፤ ከታችኛው ደርብ ጎን ተለጥፎ የሚታየው የመንገድ ድልድይ የሮማውያን ሥራ አይደለም። ከ1743 እስከ 1747 እ.ኤ.አ. የተጨመረ ስለሆነ የታችኛውን ደርብ ስፋት ስትለካ አትቁጠረው።