የሎስ አንጀለስ የፓርኪንግ ጣጣ፦ ጠይቁ፣ ጋሼ ይመልሳሉ

ጋሼ፦ ለ19 ዓመት የአፓርታማ ማናጀር ነበርኩ። ስለ ሬንት ኮንትሮል (የኪራይ ጭማሪን ስለሚገድበው ሕግ) እና ስለ ፓርኪንግ ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ ማንም ተከራይ በራሱ ሥልጣን ከኪራዩ ላይ እንዳይቀንስ!

ሰናይት፦ ጋሼ፣ ፓርኪንጌን ወሰዱብኝ። ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ የት ከተማ? ሕንፃው መቼ ተሠራ? ኮንትራትሽ ምን ይላል? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

የፌርፋክሱ፦ እኔ ከትንሿ ኢትዮጵያ አጠገብ ነኝ። ሕንፃው የ1962 ነው። 11 ዓመት 7 ቁጥር ላይ አቆማለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ቁጥሩን ግራጫ ቀለም ቀብተውበታል። ማናጀሩ «ከእንግዲህ በወር 125 ዶላር» አለኝ።

ጋሼ፦ አየህ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው። ከኦክቶበር 1978 በፊት የተሠራ አፓርታማ በአብዛኛው የከተማው ሬንት ኮንትሮል ውስጥ ነው። ዚማስ በሚባለው የከተማው ካርታ ላይ አድራሻህን ጻፍና አረጋግጥ። በዚህ ሕግ ፓርኪንግ የባለቤቱ ቸርነት አይደለም፤ ከቤቱ ጋር የተከራየኸው ነው። ቦታውን ነጥቀው ኪራዩን ካልቀነሱልህ፣ ኪራይ እንደጨመሩ ይቆጠራል። 125ቱም ያው ጭማሪ ነው። «የፓርኪንግ» ስላሉት በዓመት ከተፈቀደው በላይ መጨመር አይችሉም። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ተከራይን ማዋከብ የሚከለክል ደንብ አለ። በኮንትራት የተሰጠ ፓርኪንግ መንጠቅ እዚያ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል።

አሁን ፎቶ አንሳ። ኮንትራትህን አውጣ። እዚያ ላይ ባይኖር የድሮ ቴክስት፣ ስቲከር፣ የጎረቤት ምስክር ፈልግ። ከዚያ ለባለቤቱ በጽሑፍ አሳውቅ። ማናጀሩን ደረጃ ላይ አግኝቶ ማውራት ዋጋ የለውም። እኔ ራሴ ስንቱን «እሺ፣ እናያለን» ብዬ ሸኝቻለሁ! እምቢ ካሉ ለከተማው የቤቶች መሥሪያ ቤት አቤት በል። ኪራይህን ግን ሙሉውን ክፈል። «ክፈል ወይም ልቀቅ» የሚለው የ3 ቀን ኖቲስ በርህ ላይ ከተለጠፈ፣ ክርክሩ ስለ ፓርኪንግ መሆኑ ይቀርና ስለ ቤትህ ይሆናል።

ማርታ፦ እኛ ጋ ጋራዡን ቤት ሊያደርጉት ነው።

ጋሼ፦ ለተጨማሪ መኖሪያ ከሆነ ማዋከብ አይባልም። የኪራይ ቅናሽ ግን ጠይቂ። በጽሑፍ!

ዳዊት፦ ለዚህ እኮ ነው ሐበሻ አከራይ የሚሻለው።

ማርታ፦ ምኑ ነው የሚሻለው? «እንደ ልጄ ነሽ» እያለ ኮንትራት ሳይሰጠኝ 3 ዓመት!

ዳዊት፦ ዲፖዚትሽንስ አልመለሰልሽም?

ማርታ፦ ከነስብከቱ።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ስለ ፓርኪንግ ነው የምናወራው።

ኃይሌ፦ ኢንግልውድስ?

ጋሼ፦ ሌላ ከተማ ነው፤ የራሱ ሕግ አለው። እዚያው ጠይቅ።

ሊያ፦ አዲስ ሕንፃ ገብተን ፓርኪንጉን ለብቻ አስከፈሉን።

ጋሼ፦ ከ2025 ወዲህ የተከፈተና 16 ቤትና ከዚያ በላይ ያለው ከሆነ፣ በዚህ ካውንቲ ለይተው ማከራየት አለባቸው። የስቴት ሕግ ነው።

ሰናይት፦ ታዲያ ጋሼ፣ ከኪራዩ ላይ ልቀንስ?

ጋሼ፦ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። ወደ ላይ ተመልሰሽ አንብቢ።

የፌርፋክሱ፦ ፎቶውን አነሳሁ። ከቀለሙ ሥር 7ቱ አሁንም ይታያል።

ጋሼ፦ ጎበዝ። ቀለሙን ደግመው ሳይደርቡበት ሰፋ አድርገህ አንዴ ጨምር፤ 6 እና 8 ቁጥርም ይግቡበት።