ኮምፒዩተርዎ ከአፕዴት በኋላ ቢያስቸግርዎ ለፎርማት አይቸኩሉ

ጥያቄ፦ በደብረ ሲና ከተማ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራበት ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳሻግረው በስክሪኑ ላይ ለቀረበልኝ ጥያቄ ተስማማሁና አድሮ ተጫነ። ከዚያ ወዲህ እጅግ ተንቀራፏል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍና ምስል ሁሉ ተልቋል፤ የስክሪኑን ብርሃን መቀነስም አልቻልኩም። ፕሪንተሩም አንዳንድ ጊዜ ትእዛዝ ተቀብሎ ዝም ይላል። ያሳየሁት ባለሙያ ከፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ከመጫን በቀር መፍትሔ የለውም ብሎኛል። ገና ያላስረከብኳቸው የደንበኞች ሥራዎች በውስጡ ስላሉ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

ከደብረ ሲና

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የዘረዘሯቸው ችግሮች በአንድ ቀን ስለታዩ አንድ በሽታ ይመስላሉ እንጂ፣ እንደ እኔ ግምት ምንጫቸው የተለያየ ነው፤ ለአንዳቸውም ቢሆን ፎርማት የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም። ፎርማት ለባለሙያው ቀላል ሥራ ነው፤ ጣጣው ግን ለባለቤቱ ይተርፋል። ሰነዶችዎ ወደ ፍላሽ ተገልብጠው ቢድኑ እንኳ፣ የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራምና ባለፉት ዓመታት የጫኗቸው ፎንቶች አብረው ይጠፋሉ። ከዩኒኮድ (ፊደላት በየትኛውም ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት ሆነው እንዲነበቡ ካስቻለው የጋራ አሠራር) በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ሰነድ ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት በአማርኛው ፋንታ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ያሳያል፤ ይህንንም ባለቤቱ የሚያውቀው አንድ ደንበኛ ከዓመታት በፊት ያስጻፈውን ውል ፈልጎ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት፣ ሰነዶቹንም ፎንቶቹንም ወደ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ይገልብጡ።

ከሁሉ የሚቀለው የጽሑፉ መተለቅና የብርሃኑ እምቢ ማለት ነው፤ ሁለቱ አብረው መምጣታቸው የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስ ምስል ወደ ስክሪኑ የሚያወጣውን የኮምፒዩተሩን ክፍል የሚያዝበትን ፕሮግራም ያመለክታል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ኤክስ»ን አንድ ላይ ተጭነው ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱና «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» ከሚለው ሥር ያለውን ስም ያንብቡ። በዚያ ቦታ የኢንቴል፣ የኤኤምዲ ወይም የኤንቪዲያ ስም መገኘት ሲገባው «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካገኙ፣ ዊንዶውስ ትክክለኛውን ድራይቨር አጥቶ በመጠባበቂያው እየሠራ ነው ማለት ነው። መፍትሔውም የላፕቶፑን ሞዴል ከጀርባው አንብቦ፣ ለዚያ ሞዴል የተዘጋጀውን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ነው። ስሙ ትክክል ሆኖ ችግሩ ካለ ደግሞ፣ ስሙን ሁለቴ ተጭነው «ድራይቨር» በሚለው ገጽ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ይሞክሩ፤ ይህ ቁልፍ ደብዝዞ ከታየ የሚመለሱበት የቀድሞ ድራይቨር አልተቀመጠም ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ሲባል ላፕቶፑን ተሸክሞ ጣርማ በርን በመውጣት እስከ ደብረ ብርሃን መሄድ አያስፈልግም።

መንቀራፈፉ ግን ጠለቅ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ኮምፒዩተሩ ፋይሎቹን እንደገና ስለሚመዘግብና ቀሪ አፕዴቶችን ስለሚያወርድ፣ ቢዘገይ የሚያስደንቅ አይደለም። ከዚያ በኋላም ካልተሻለው «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ»ን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱና «ዲስክ» የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። ምንም ሥራ ሳይከፍቱ ቁጥሩ በ100 በመቶ አካባቢ ተተክሎ የሚቆይ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩን የያዘው ዲስኩ ነው። የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ሀርድ ዲስክ ከሆነ ዊንዶውስ 11ን ተሸክሞ በፍጥነት ይሄዳል ብዬ አልጠብቅም፤ በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ዲስክ መቀየር ለእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ከማንኛውም ጥገና የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ሆኖም ዊንዶውስ የተጫነበት የ«ሲ» ድራይቭ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ወደ ዊንዶውስ 11 ሲሻገሩ የቀድሞው ዊንዶውስ አይጠፋም፤ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» በተባለ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ብዙ ጊጋ ባይት ይይዛል። ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል በመጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ፎልደር ነው፤ ሆኖም ወደ ዊንዶውስ 10 መመለሻው መንገድም እርሱ ብቻ ነው። በ«ቴምፖራሪ ፋይልስ» ዝርዝር ውስጥ «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን» የሚለውን መርጦ ያጠፋ ሰው የመመለሻ በሩን በገዛ እጁ ዘግቷል። መመለስ የሚቻለው ከተጫነ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ» ገብቶ «ጎ ባክ» የሚለውን በመጫን ነው፤ ከዚያ በኋላ ፎልደሩ ራሱ ይሰረዛል። ይህ መልስ ታትሞ እጅዎ እስኪገባ ቀኑ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ለእርስዎ ባይሆን ከእርስዎ በኋላ ለሚሻገሩት ይጠቅማል። ያም ሆኖ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ወደዚያ መመለስን እንደ ጊዜያዊ ማረፊያ እንጂ እንደ ዘላቂ መፍትሔ አልቆጥረውም።

ለፕሪንተሩ፣ በመጀመሪያ ትእዛዙ ወዴት እንደሚሄድ ያረጋግጡ፤ ዊንዶውስ ዋናውን ፕሪንተር ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ፣ የመጨረሻውን ሥራ ወደ ፒዲኤፍ (ወረቀት ሳይሆን ፋይል ወደሚያወጣው ምርጫ) የላኩ ከሆነ ቀጣዩንም ወደዚያው ሊልክ ይችላል። ይህን ምርጫ አጥፍተው ፕሪንተርዎን በስሙ ይምረጡ። ካልሆነ ከዝርዝሩ አስወግደው ከአምራቹ ባገኙት ድራይቨር እንደገና ይጫኑት።

የላፕቶፕዎን ባትሪ ሁኔታ አልነገሩንም። በብዙ የጽሕፈት ቤቶች ላፕቶፑ ባትሪው ሞቶ በሶኬት ብቻ ስለሚሠራ፣ መብራት ጭል ባለ ቁጥር ይጠፋል፤ ይህ በአፕዴት መሃል ከሆነ የሲስተም ፋይሎች ይበላሻሉ። መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ሌሊት ትልቅ አፕዴት አስጀምሮ ቤት መሄድን አልመክርም፤ ጥሩ ባትሪ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ለጊዜው የሚያቆይ መሣሪያ) ከሌለ ሥራው ቀን፣ ሰው አጠገቡ እያለ ቢከናወን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር ባገናኘሁ ቁጥር ዊንዶውስ ሳይጠይቀኝ አፕዴት እያወረደ የገዛሁትን ጥቅል ይጨርስብኛል። አፕዴቱን ለዘለቄታው ልዝጋው?

ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ አይዝጉት፤ የደኅንነት ማስተካከያዎቹም አብረው ይቀሩብዎታል። ከስልክዎ ጋር እንደተገናኙ «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ዋይፋይ» ገብተው የኔትወርኩን ዝርዝር ይክፈቱና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ በዚያ ግንኙነት አብዛኛውን አፕዴት ከማውረድ ይቆጠባል። ይህ ለእያንዳንዱ ኔትወርክ ለየብቻው የሚደረግ ስለሆነ፣ የሌላ ሰው ስልክ ሲጠቀሙ ይድገሙት። በ«ዊንዶውስ አፕዴት» ገጽ ደግሞ እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይቻላል፤ በዚያ መካከል ጥቅል የማይቆጥር ዋይፋይ ካለበት ቦታ ሲደርሱ ያውርዱት። እግረ መንገድዎን በ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ሥር «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን»ን ያጥፉ፤ በኢንተርኔት ላሉ ሌሎች ኮምፒዩተሮች እንዲያካፍል ተደርጎ ከሆነ፣ የእርስዎን ዳታ እየተጠቀመ ያወረደውን መልሶ ይልካል።