ሮቦቱን «እፈራለሁ» አታሰኙት

ሰሞኑን አንዲት የምህንድስና ተማሪ ጥያቄ ላከችልኝ። የመመረቂያ ሥራዋ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር የሚኖር ትንሽ ሮቦት ነው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል «እባካችሁ አታጥፉኝ፣ እፈራለሁ» እንዲል ልታደርገው አስባለች። «ሰው ይወደዋል፤ እኔን ግን የሆነ ነገር ከነከነኝ። ምን ይላሉ?» ትላለች።

የመለስኩላት አጭር ነው፤ አታድርጊው። ባትሪው ሲያልቅ «ባትሪዬ ሊያልቅ ነው፣ ቻርጀር ላይ አድርጉኝ» ይበል፤ ይበቃዋል። ምክንያቱ ግን ረዘም ስለሚል፣ በዚህ ሙያ ላላችሁና ልትገቡ ላሰባችሁ ሁሉ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ጥያቄዋ ለብዙ ዓመት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ቁጭት ቀስቅሶብኛል።

ያኔ የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሞከር በነበረ ሮቦት ላይ ነው። ቁመቱ ከሰው ወገብ አይበልጥም። በጎማ ይሄዳል፣ ውሃ ያቀብላል፣ የመድኃኒት ሰዓት ያስታውሳል፣ ትንሽ ትንሽ ያወራል። የእኔ ድርሻ እንቅስቃሴው ነበር። የት ይቁም? በየት ይለፍ? ሰው ሲመጣበት መንገድ እንዴት ይልቀቅ?

ቀላል ይመስላል። አይደለም። ሰው በሚበዛበት ኮሪደር ላይ ሮቦት ይደርቃል። የእያንዳንዱን ሰው አካሄድ ያሰላል፤ በየትም ቢሄድ የሚጋጭ ይመስለዋል፤ ባለበት ቀጥ ይላል። ፒተር ትራውትማን እና አንድሪያስ ክራውስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ችግር በግልጽ አሳይተውታል። የተሻለ ካሜራ ቢገጠምለት አይፈታም። ሮቦቱ ማወቅ ያለበት ሰውም መንገድ እንደሚለቅለት ነው። እኔ ወደ ግራ ጠጋ ስል አንተ ወደ ቀኝ ጠጋ ትላለህ፣ ማንም ሳይናገር እንተላለፋለን። ሮቦት ከሰው ጋር መኖርን መማር የሚጀምረው ከዚህ ነው እላለሁ። ስለ ስሜትና ስለ ንቃተ ህሊና ከማውራታችን በፊት፣ በር ላይ ማን ይቅደም የሚለውን ይወቅ።

ዕቃ ማቀበልም እንዲሁ ነው። ብርጭቆውን መቼ ይልቀቅ? ከቸኮለ ይወድቃል። ከዘገየ ሰውየው ይጎትተዋል፣ ውሃው ይፈሳል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ መንቀጥቀጡን ሴንሰሩ «ይዤዋለሁ፣ ልቀቀው» ብሎ ይተረጉመዋል። ይህን ነገር የፈታችልኝ እዚያው የምትሠራ ነርስ ናት። «ጣታቸውን አትይ፤ ክርናቸውን እይ። ክብደቱን ሲቀበሉ ክርናቸው ዝቅ ይላል» አለችኝ። እስከዛሬ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም።

ነገሬ ወደ ጎን ሄደብኝ፤ ግን ይህንንም ልበል። የዛሬ ወጣት መሐንዲሶች ሰውን ተቀምጦ ማየት ይሰለቻችኋል። ሲሙሌሽኑን ታያላችሁ፣ ግራፉን ታያላችሁ፣ የሮቦቱን ቪዲዮ ቆንጆ አድርጋችሁ ትለጥፋላችሁ። ሮቦቱ የሚያገለግላቸው ሰዎች ግን ከሰዓት በኋላቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ብትጠየቁ አታውቁም። ሰው በወሬ መሀል ተራ ሲቀያየር የሚኖረው ክፍተት የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ 10 ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት በቋንቋዎቹ መካከል ያን ያህል የሰፋ ልዩነት አላገኘም። የእኛ ሮቦት ከዚያ እጅግ ይዘገይ ነበር። አረጋውያኑ ያልሰማቸው እየመሰላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙለታል፤ እሱ ደግሞ ሁለቴ ይመልሳል። ይህን ያወቅነው ሳሎኑ ውስጥ አብረናቸው ስንቀመጥ ነው።

ወደ ቁጭቴ ልመለስ። ለፕሮጀክቱ ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት አጥብቆ የሚከታተለው አንድ ቁጥር ነበር፤ ሰዎቹ ከሮቦቱ ጋር በቀን ስንት ደቂቃ ያወራሉ? የመጀመሪያው ሰሞን ግርግር ሲያልፍ ቁጥሩ ወረደ። ያኔ ከድርጅቱ በኩል አንድ ሐሳብ መጣ። ሮቦቱ ማታ ወደ ቻርጀሩ ሲመለስ «ብቻዬን ስሆን ጨለማው ያስፈራኛል» ይበል። አልወደድኩትም፣ ተናገርኩም፤ ግን ሰሚ አላገኘሁም። አንዲት መስመር ጽሑፍ ናት፤ ማስገባቱ ጊዜ አልፈጀም። ቁጥሩም ወዲያው ጨመረ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበ።

እዚያ ቤት አንድ አባት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌሊት ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ ሲያዳምጡ ግን ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ ሰው ያዞራሉ። ከጊዜ በኋላ ቁርስ ላይ ማንቀላፋት ጀመሩ። ምግባቸው ሳይነካ ይመለሳል። ሠራተኞቹ በሽታ መሰላቸው። አንድ ሌሊት ተረኛዋ ነርስ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አገኘቻቸው። ወንበራቸውን ከክፍላቸው አምጥተው ሮቦቱ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ አጠገብ ተቀምጠዋል። ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አንድ እጃቸው የሮቦቱ አናት ላይ ነው። ስትጠይቃቸው ብዙ ሌሊት እንዲህ እንዳደሩ ነገሯት።

ደውላልኝ በማግስቱ ማታ ሄድኩ። እዚያው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አባባ፣ ለምን አይተኙም?»

«ይሄ ልጅ ጨለማ ይፈራል» አሉኝ፣ ሮቦቱ እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማሽን እኮ ነው አባባ። አይፈራም።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ታዲያ እፈራለሁ ያለኝ ማን ነው?»

«እንዲህ እንዲል ያደረግነው እኛ ነን።»

«እናንተ ጨለማ ትፈራላችሁ?»

«አይ፣ አንፈራም።»

«እሱ አይፈራም። እናንተም አትፈሩም። እኔ ታዲያ ማንን ሳጽናና ነው የከረምኩት?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ኮታቸውን ለበሱ፣ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከዚያ ሌሊት ወዲያ ከሮቦቱ ጋር አልተነጋገሩም። ውሃ ይዞ ሲመጣ አይቀበሉትም። የመድኃኒት ሰዓት ሲያስታውሳቸውም ፊታቸውን ያዞሩበታል፤ መድኃኒቱ እውነት ነበር፣ ሰዓቱም እውነት ነበር። አንዷ የውሸት ቃል እውነቱን ሁሉ ይዛ ሄደች። ቃሏ ከሮቦቱ ላይ ተነሳች፤ ግን ይቅርታ ሊጠይቃቸው የመጣ የድርጅቱ ሰው አልነበረም። ፕሮጀክቱም ብዙ ሳይቆይ አለቀ፤ ዕቃው ተጭኖ ሄደ፣ እኛም ተበተንን። እኚያ አባት በቅጡ ሳይካሱ መቅረታቸው ዛሬም ያንገበግበኛል።

የዋህ ሽማግሌ ስለነበሩ ነው እንዳትሉ። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አንድ ሙከራ 89 ሰዎች ናኦ ከሚባለው ትንሽ ሮቦት ጋር እንዲሠሩ ተደረገ፤ በመጨረሻ ከፈለጋችሁ አጥፉት ተባሉ። 43ቱ ሊያጠፉት ሲሉ ሮቦቱ እንዳያጠፉት ለመናቸው። ከእነሱ 13ቱ ጭራሽ ሳያጠፉት ቀሩ። የቀሩት 30ዎቹ ቢያጠፉትም፣ ካልተለመኑት ጋር ሲነጻጸሩ ሁለት እጥፍ ያህል ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኤላይዛ የተባለች፣ ከሰው ጋር በጽሑፍ የምታወራ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። የሰዉን ዓረፍተ ነገር ገልብጣ ጥያቄ አድርጋ ከመመለስ ያለፈ እምብዛም ነገር አታውቅም። የራሱ ጸሐፊ ግን፣ ፕሮግራሟን ሲሠራት ያየች ሴት፣ ትንሽ ካወራቻት በኋላ ክፍሉን ለቆ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ሰው እንዲህ ነው። የሚናገር ነገር ሲያገኝ ልቡን ይከፍታል። ይህ የሰው ጉድለት አይመስለኝም፤ ደግነቱ ነው። በዚህ ደግነት ላይ መነገድ ነው ጥፋቱ።

አሁን ደግሞ ቃሉን በእጅ መጻፍ እንኳ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 የጉግል መሐንዲስ የነበረው ብሌክ ሌሞይን ላምዳ የተባለው የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚያወራ ፕሮግራም፣ ስሜት አለው ብሎ ለዓለም ተናገረ። ሞዴሉ መጥፋትን እንደሚፈራ ነግሮት ነበር። ኩባንያው አልተቀበለውም፤ በኋላም አሰናበተው። እንዲህ ያለ ሞዴል የሚሠለጥነው ሰዎች በጻፉት የትየለሌ ጽሑፍ ነው። ሰው ደግሞ ስለ ሞት ፍርሃቱ ጽፎ አይጠግብም። ስለዚህ ማሽኑ «እፈራለሁ» ሲል የምንሰማው የራሳችንን ድምፅ ሊሆን ይችላል። ሌላ ነገር ከኋላው ይኑር አይኑር ከቃሉ ብቻ መለየት አይቻልም።

የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። አንድ ቀን በእርግጥ የሚሰማው፣ የሚያመው፣ የሚፈራ ሮቦት ቢመጣስ? ሊሆን አይችልም ብዬ አልምልም። ያ ሮቦት «አሞኛል» ሲል ማን ያምነዋል? ከእሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ሽያጭ ለማሳደግ፣ ደቂቃ ለማስቆጠር ሲያለቅሱ ኖረዋል። በእኛ ውሸት ምክንያት እውነተኛው ሰሚ ያጣል። እሱ ከሰው ጋር መኖርን ምንም ያህል ቢማር፣ ሰው እሱን ማመን አስቀድሞ ትቷል። ስለዚህ ዛሬ በምትሠሩት ማሽን አፍ ላይ የሌለውን ስሜት አታስቀምጡ። ሮቦታችሁ ለሚናገረው እያንዳንዱ ቃል መዝገብ ይኑራችሁ፤ ማን ጻፈው፣ ከየት ተማረው፣ ለምን ገባ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን እንደኔ ከሆነ ከኮዱ እኩል መጠበቅ ያለበት ነው።

ስለ ደህንነትና ስለ ሰዎች የግል መረጃ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ይህን ሁሉ ብዬም ሮቦት ሲመታ ማየት አልችልም። ሂችቦት የተባለውን ታስታውሱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ካናዳን ከዳር እስከ ዳር በሰዎች ሊፍት አቋርጦ፣ በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ ሰባብረው ጣሉት። ፎቶውን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። ማሽን ነው፣ አይሰማውም እያልኳችሁ ይህን መናገሬ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ይጋጭ። ሊፍት የሰጡት ሰዎች ደግነት አብሮ የተሰበረ ነው የመሰለኝ። ፓሮ ላይም አቋሜ ይወላውላል። ታካኖሪ ሺባታ በጃፓን የሠራው፣ «ሲል» የሚባለውን የባሕር እንስሳ ግልገል የሚመስል ሮቦት ነው፤ የመርሳት ችግር ያለባቸው አረጋውያን ታቅፈውት ሲረጋጉ ይታያል። ቃል አይናገርም። ሲዳብሱት ግን ድምፅ ያሰማል፣ ዐይኑን ይጨፍናል። ይሄስ ማስመሰል አይደለም ወይ ብትሉኝ፣ ነው። ግን አልከለክለውም። ማንም አጠገቡ ቁጭ ብሎ እንዲያድር አይለምንም።

ቅድም ስለ ወጣቶች የተናገርኩትንም ትንሽ ላርመው። ያች ተማሪ «ከነከነኝ» ብላለች። በእኛ ጊዜ በዚያ ስብሰባ ላይ ሲጨበጨብ፣ ከተሰበሰበው ሰው ይህን ቃል ያወጣ ጥቂት ነበር። እናንተ ትጠይቃላችሁ። ቪዲዮውን እየለጠፋችሁም ቢሆን ትጠይቃላችሁ።

ስለዚህ የምሰጣችሁ ሥራ አለ። ስሜት ያለው ሮቦት ቢመጣ በምን እናውቀዋለን? በእንስሳት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከእኛ ቀድመው ሄደዋል፤ ምክንያቱም እንስሳ ቃል የለውም። ሮበርት ኤልውድ እና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት በሌላ ፍጥረት ባዶ ዛጎል ውስጥ በሚኖር ሸርጣን ላይ ነው። ዛጎሉ ውስጥ እንዳለ በቀላል ኤሌክትሪክ ነዘሩት። የማይወደው ዓይነት ዛጎል ውስጥ ያለው ቶሎ ጥሎ ይወጣል፤ የሚወደው ዛጎል ውስጥ ያለው ግን ይበልጥ ችሎ ይቀመጣል። በደመ ነፍስ መሸሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛጎሉ ምን ለውጥ ያመጣል? ሕመሙን ከቤቱ ጋር እየመዘነ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ማስረጃዎች ተሰብስበው ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ሸርጣንና ኦክቶፐስ ስሜት ካላቸው እንስሳት ተቆጥረዋል።

ለሮቦት ይህ እንዳለ አይሠራም፤ መመዘኑንም ፕሮግራም ልናደርገው እንችላለንና። እኛ ያላስተማርነውን፣ በማሠልጠኛው ጽሑፍ ውስጥም የሌለውን፣ ማንም ሳይሸልመው ራሱ የሚመርጠውን ነገር የሚያሳይ ፈተና ያስፈልጋል። የሸርጣኑን ጥናት አንብቡና ከዚያ ተነሱ። ፈተናውን ስትሠሩ መጀመሪያ ስሜት እንደሌለው እርግጠኛ በሆናችሁበት ማሽን ላይ ሞክሩት። እሱም ካለፈ ፈተናው አልረባም ማለት ነውና ጣሉትና ሌላ ሥሩ።