ለጌም የሚሆን ቴሌቪዥን

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ፕሌይስቴሽን 4 ገዝቼላቸው ነበር፤ ነገር ግን የጆይስቲኩን ቁልፍ ሲጫኑ በስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ዘግይቶ እንደሚንቀሳቀስ ይነግሩኛል። እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ሌላ ቴሌቪዥን ልግዛ ወይስ መፍትሔ አለው? አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ።

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የቴሌቪዥኑን የምስል ማስተካከያ ይክፈቱና «ጌም ሞድ» የሚለውን ያብሩት። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር እያንዳንዱን ፍሬም (የቪዲዮውን ነጠላ ምስል) ስለሚያቀነባብር በትእዛዙና በእንቅስቃሴው መካከል ጊዜ ያልፋል፤ ፊልም ሲያዩ የማይታወቀው ይህ መዘግየት በእግር ኳስ ጌም ላይ ጎል ያስስታል፤ ጌም ሞድ ደግሞ አብዛኛውን ማቀነባበር ያስቀረዋል። ቴሌቪዥንዎ ይህ ምርጫ ከሌለው መቀየሩ ተገቢ ነው። መደበኛው ፕሌይስቴሽን 4 ከ1920 በ1080 ነጥብ በላይ ስለማያወጣ «ፉል ኤችዲ» ይበቃዎታል፤ «ኤችዲ ሬዲ» የሚል ካርቶን ግን ብዙውን ጊዜ 1366 በ768 ብቻ ስለሆነ እንዳያታልልዎት። ሻጩ ቴሌቪዥኑን አብርቶ ጌም ሞዱን ሳያሳይዎት አይክፈሉ፤ የሚያምር ቪዲዮ አይቶ መግዛት ስለ መዘግየቱ ምንም አይነግርዎትም። ውጤትና ሰዓት የሚጻፍበት የምስሉ ጥግ ተቆርጦ ከታየ የስክሪን መጠኑን «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» ላይ ያድርጉት። በድሬ ሙቀት ደግሞ ኮንሶሉን (ፕሌይስቴሽኑን) በር ባለው ሳጥን ውስጥ አይዝጉበት።