የፈረቃ ሰዎች ጥያቄ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አስቤዛ ቤት ለቤት ከሚያደርሱ መጋዘኖች ናቸው። እኔም ዓመታት የመጋዘን ቁልፍ በኪሴ ስለኖረ ደስ እያለኝ ነው የምመልሰው።

«አብሬያቸው ሳጥን ስሸከም ከርሜ ባለፈው ወር የፈረቃ መሪ ሆንኩ። አሁን ጓደኞቼን ሳዛቸው ‹ደሞ አንተ ብለህ!› ይሉኛል።» (ከኮምቦልቻ)

አብሽር። ምሳህን አብረሃቸው ብላ። ከባዱን ጭነት ግን በአፍህ አትመድብ፤ ተራ አውጣና ግድግዳ ላይ ለጥፍ። የመጀመሪያው ቀን ላይ የቅርብ ወዳጅህ ስም ይኑር። እኔ ዱቄት በሚወርድበት ቀን አንዱን ወዳጄን እዘለው ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። ብቻ ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ቀጥ ይል ጀመር።

«ቆጠራ ላይ አምስት ጀሪካን ዘይት ጎደለ። ከደመወዜ ሊቆርጡ ነው። ያስረከበኝ ፈረቃ ደግሞ ሳይቆጥር ነው የሄደው።» (ከደሴ፣ ሆጤ)

እህቴ፣ ወረቀት ካመጡልሽ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ አለዚያም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው። ያኔም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝሽ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

ግን ሳትቆጥሪ መረከብሽ ጥፋት ነው። ልቆጣሽ አልችልም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ሌሊት ፊቱ ሙሉ የሆነ የዘይት ቁልል አይቼ ፈረምኩ። ጠዋት ከላይ ሁለት ጀሪካን ሳነሳ መሃሉ ባዶ ጉድጓድ ነው! ከዚያ ወዲህ እጄ ያልነካውን አልቆጥርም። አንቺም ዞረሽ ቁጠሪ፤ ቁጥሩ ሥር ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሰዓቱንም ጻፉ። «ባጃጅ ያመልጠኛል» የሚለውን ሰው ባጃጁ ያምልጠው።

«ቀጣዩ መሪ ሲያረፍድ ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ። ስጠይቅ ‹አንተማ መሪ ነህ፣ አይከፈልህም› ይሉኛል።»

አዋጁ የማይመለከተው «የሥራ መሪ» የሚታየው በሥልጣኑ እንጂ በማዕረጉ ስም አይደለም። ሰው መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማሰናበት ትችላለህ? ሳጥን እያስቆጠርክ የምትውል ከሆነ «የፈረቃ መሪ» መባልህ ብቻ ክፍያህን አያስቀርም። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፤ በሳምንት ዕረፍትህ በ2፤ በሕዝብ በዓል በ2.5። ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው።

«ቲማቲም ከላይ ነው ከታች?»

ከላይ። እንቁላል ደግሞ ከቲማቲምም በላይ።

«ረመዳን ላይ ፈረቃውን እንዴት ልከፋፍል?» (ከኮምቦልቻ)

ለወሎ ሰው ይህን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ጿሚዎቹን ጠዋት አስገባ፣ ከባዱ ጭነት ፀሐይ ሳይበረታ ይለቅ። መግሪብን ክርስቲያኖቹ ይሸፍኑ። በገናና በፋሲካ ዋዜማ ውለታው ይመለሳል። የደሴውን ጭነት ብቻ ቀድመህ አስወጣ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረጎ ተራራ ላይ ጭጋግ ከወረደ መኪናው በእግር እንደሚሄድ ሰው ነው የሚሆነው። ቴምሩ ከአዛን በኋላ ቢደርስ ለደንበኛህ ምን ይረባዋል?