የሰላዩ ስድስት ፊቶች፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንባቢዎች ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡት ሁሉም ስለ አንድ ሰው፣ ይኸውም ዜሮ ዜሮ ሰባት በሚል መለያው ስለሚታወቀው ብሪታንያዊ ሰላይ ስለ ጀምስ ቦንድ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው፣ ሌሎቹን ለሚቀጥለው እትም አቆይተን እነዚህን በአንድነት ለመመለስ ወስነናል። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔና አጎቴ በቡና ሰዓት በተገናኘን ቁጥር የማንጨርሰው ክርክር አለን። እሳቸው ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ፣ በወጣትነታቸው ያዩትን ሾን ኮነሪን «ቦንድ እሱ ብቻ ነው፣ የቀሩት ልብሱን ተውሰው የለበሱ ናቸው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ያደግሁት የዳንኤል ክሬግን ፊልሞች እያየሁ በመሆኑ እንደ እሱ ያሳመነኝ የለም። ልክ የሆነው ማንኛችን ነን? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ የምትከራከሩት በአንድ ጥያቄ ላይ ቢመስላችሁም ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። ከመሪ ተዋናዮቹ ማን ይበልጣል የሚለውና ከፊልሞቹ የትኛው ይበልጣል የሚለው ተለያይተው ካልታዩ፣ ክርክሩ ከአቦል እስከ በረካ ቢዘልቅም መቋጫ አያገኝም።

አጎትዎን ላስቀድም። የመጀመሪያው ፊልም «ዶክተር ኖ» ለንደን ውስጥ የተመረቀው በ1962 ጥቅምት 5፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 25 ቀን 1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ የ32 ዓመቱ ኮነሪ በዚያን ጊዜ ዝናው ገና ያልገነነ፣ በትውልድ ከተማው በኤድንብራ ወተት እያመላለሰ የኖረ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጅ ነበር። የልብ ወለዶቹ ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ በምናቡ የሳለው ሰላይ የተመቻቸ ኑሮ የለመደ ጨዋ ስለነበር ምርጫው መጀመሪያ ላይ አልተዋጠለትም። የፊልሙ ዳይሬክተር ቴረንስ ያንግ ተዋናዩን ወደ ራሱ ልብስ ሰፊ ወስዶ ሙሉ ልብስ አሰፋለት፣ ምግብ ቤት ገብቶ እንዴት እንደሚታዘዝና እንዴት እንደሚቀመጥ አሳየው፤ ልብሱ ገላውን እንዲለምደው ለብሶት እንዲተኛ ሳይቀር አድርጎታል ይባላል። ውጤቱን ያየው ፍሌሚንግም ሐሳቡን ለውጦ በ1964 በታተመው ልብ ወለዱ ለቦንድ ስኮትላንዳዊ አባት እስከ መስጠት ደረሰ። ተዋናይ የደራሲን ገጸ ባሕርይ የትውልድ ሐረግ ሲያስለውጥ የሚታየው ስንት ጊዜ ነው? አጎትዎ «ቦንድ እሱ ብቻ ነው» ሲሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም።

ይሁን እንጂ የአጎትዎ ኮነሪ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊልሞች ኮነሪ ነው ብዬ እገምታለሁ። በ1963ቱ «ፍሮም ራሺያ ዊዝ ላቭ» ውስጥ ከሮበርት ሾው ጋር በጠባብ የባቡር ክፍል ሲተናነቅ የሚታየው ሰው በእርግጥ ሊሞት የሚችል ሰው ነው፤ ላቡ ይታያል፣ ትንፋሹ ይሰማል። በ1967ቱ «ዩ ኦንሊ ሊቭ ትዋይስ» ውስጥ ግን ያው ተዋናይ የተሰላቸ መሆኑን ለመሰወር እንኳ አይደክምም። በዚያ ፊልም ላይ ባላንጣው የሚደበቅበትን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ለመገንባት ብቻ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣ ሲሆን፣ ይህ ገንዘብ «ዶክተር ኖ» በጠቅላላው ከተሠራበት በጀት ጋር የሚቀራረብ ነው። ግንባታው ሲገዝፍ ሰውዬው አነሰ።

የእኔ አስተያየት መነሻ ይህ ነው። ተከታታዩ በየጊዜው በጉደኛ መሣሪያና በግዙፍ ግንባታ እያበጠ ይሄድና፣ ከዚህ በላይ ማበጥ የማይቻልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ወደ መሬት ይመለሳል፤ እኔ የምወዳቸው ፊልሞች ማለት ይቻላል በሙሉ የተሠሩት በዚያ መመለሻ ላይ ነው። ከእሳተ ገሞራው በኋላ የ1969ኙ «ኦን ሀር ማጀስቲስ ሲክረት ሰርቪስ» መጣ። ቦንድን የተጫወተው ሮጀር ሙር በ1979 በ«ሙንሬከር» እስከ ጠፈር ከተላከ በኋላ ደግሞ በ1981 «ፎር ዩር አይስ ኦንሊ» ተከተለ፤ በዚህ ፊልም የቦንድ ዘመናዊ ሎተስ መኪና ገና ታሪኩ ሳይጋመስ በፍንዳታ ይወድማል፣ እሱም በአንዲት ጉልበተ ቢስ ቢጫ ሲትሮየን ውስጥ ተጣብቆ ቁልቁለቱን ለመውረድ ይገደዳል። የሐረጎን ጠመዝማዛ በአሮጌ መኪና ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው የዚያን ትዕይንት ስሜት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። በዚሁ ፊልም ሙር ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለችን መኪና ከነነፍሰ ገዳዩ በእግሩ ገፍቶ ይጥላል። ተዋናዩ ይህ ድርጊት ለእሱ ቦንድ አይሆንም ብሎ ቅር ብሎት ነበር፤ ነገር ግን በሰባቱ ፊልሞቹ ውስጥ እኔን በእውነት ያስፈራኝ በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ክሬግ ልምጣ። የ2002ቱ «ዳይ አናዘር ዴይ» የማትታይ መኪናና የበረዶ ቤተ መንግሥት ይዞ ብቅ ሲል፣ እስከዚያ ጊዜ ከተሠሩት የቦንድ ፊልሞች ሁሉ የላቀ ገቢ አስገብቷል። በገበያ ሕግ ቢሆን በዚያው መቀጠል ነበረባቸው፤ አዘጋጆቹ ግን የዚያን ጊዜውን ቦንድ ፒርስ ብሮስናንን አሰናብተው ታሪኩን ከመጀመሪያው ለመጀመር ወሰኑ። በ2005 ክሬግ ሲመረጥ ጸጉሩ ወርቃማ ነው ተብሎ እንኳ ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ካሲኖ ሮያል» ግን በደረጃ ላይ ከተደረገ አሰቃቂ ግድያ በኋላ ቦንድን ደሙን ሲታጠብና በመስታወት ራሱን ሲያይ፣ ኤቫ ግሪን የምትጫወታትን ቬስፐርን ደግሞ ከነልብሷ ከሻወር ሥር ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ አሳየን። ሰላዩ አጠገቧ ቁጭ ይላል፤ ብዙም አይናገርም። በአርባ አራት ዓመት ውስጥ መግደል ምን እንደሚያስከትል በዚህ ያህል ጥንቃቄ የታየበት ሌላ የቦንድ ትዕይንት አላገኘሁም።

እንግዲህ ፍረድ ከተባልኩ ተዋናዩን ለአጎትዎ፣ ፊልሙን ለእርስዎ እሰጣለሁ። ሁለታችሁም ስሙን ያላነሳችሁት ቲሞቲ ዳልተን ግን ተበድሏል። በሼክስፒር ቲያትር የሠለጠነው ይህ ዌልሳዊ የፍሌሚንግን መጻሕፍት በጥሞና አንብቦ፣ ሥራውን የሚጠላ፣ የታከተው ሰላይ በ1987 እና በ1989 ሲያቀርብ ተመልካቹ ገና የሙርን ቀልድ ይናፍቅ ነበር። ከዚያም ተከታታዩ በባለቤትነትና በመብት ክርክር እስከ 1995 ድረስ ሲቆም እሱ ከሁለት ፊልም ሳያልፍ ቀረ። ክሬግን የወደደ ሰው «ላይሰንስ ቱ ኪል»ን ቢያይ የክሬግን ታላቅ ወንድም ያገኛል።

ጥያቄ፦ ጆርጅ ላዘንቢ የሚባለው ለምን አንድ ፊልም ብቻ ሠራ? መጥፎ ስለነበር ተባሮ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። (ከኮምቦልቻ፣ የምህንድስና ተማሪ)

መልስ፦ አልተባረረም፤ በገዛ ፈቃዱ ሄደ። አውስትራሊያዊው ላዘንቢ የማስታወቂያ ሞዴል እንጂ የትወና ልምድ ያለው ሰው አልነበረም፤ ፊልሙ በታኅሣሥ 1969 ሲወጣ 30 ዓመቱ ነበር፤ እስከ «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ድረስ በተሠሩት ዋናዎቹ ፊልሞች ውስጥም በዕድሜ ከእሱ ያነሰ ቦንድ አልታየም። ለተጨማሪ ፊልሞች ውል ሲቀርብለት ወኪሉ ዘመኑ የሂፒዎች ነው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰላይ ጊዜው አልፎበታል ብሎ መከረው፤ እሱም ምክሩን ተቀብሎ ጸጉሩንና ጺሙን አሳድጎ ሥራውን ተወው። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው የሚያስቅ ምክር ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ብዙ ሰው ተመሳሳይ ሐሳብ ነበረው።

ፊልሙን ግን ይመልከቱት። ቀደም ሲል የተከታታዩ የፊልም ቅንብር ባለሙያ የነበረው ፒተር ሀንት በዳይሬክተርነት የሠራው ሲሆን፣ የበረዶ ላይ ማሳደዶቹ ዛሬም ያላረጁ ናቸው። ቦንድ በዚህ ፊልም ያገባል፤ ዳያና ሪግ የተጫወተቻት ትሬሲ ከእሱ የማታንስ፣ አንዳንዴም የምትበልጠው ሴት ናት። መጨረሻውን አልነግርዎትም። የላዘንቢ ድርቀት በሌሎች ትዕይንቶች ጎልቶ ቢታይም፣ በዚያ መጨረሻ ላይ ግን እንዴት መጫወት እንዳለበት የጠፋው ልምድ አልባ ወጣት መሆኑ ለትዕይንቱ ጠቅሞታል ባይ ነኝ። ኮነሪ ቢሆን ኖሮ ሐዘኑን በልበ ሙሉነቱ ይሸፍነው ነበር።

ጥያቄ፦ አንዳንዶች 25 ፊልም ነው ይላሉ፣ ሌሎች 27። በ1983 ደግሞ ሁለት ቦንድ በአንድ ዓመት መውጣቱን ሰምቻለሁ። እንዴት ሊሆን ቻለ? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ አልበርት ብሮኮሊና ሃሪ ሳልዝማን በ1961 ያቋቋሙት ኢዮን ፕሮዳክሽንስ እስከ 2021 ድረስ የሠራቸው ዋናዎቹ ፊልሞች 25 ናቸው። ሁለቱ ትርፎች ከዚህ ድርጅት ውጪ የተሠሩ ሲሆኑ፣ አንደኛው የ1967ቱ «ካሲኖ ሮያል» የተሰኘ የቀልድ ፊልም ነው፤ ከ2006ቱ ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው እምብዛም ስለሌለ ሲገዙም ሆነ ሲያወርዱ ዓመቱን ያረጋግጡ። ሁለተኛው የ1983ቱ «ኔቨር ሴይ ኔቨር አጌን» ነው። ኬቪን ማክሎሪ የተባለ ሰው በ«ተንደርቦል» ታሪክ ላይ ከፍሌሚንግ ጋር ፍርድ ቤት ተካሶ የፊልም መብት በማግኘቱ ያንኑ ታሪክ እንደገና ለማሠራት ቻለ፤ ዕድሜው ከ50 ያለፈውን ኮነሪንም መልሶ አመጣው። በዚያው ዓመት ሙር በ«ኦክቶፐሲ» ስለቀረበ ጋዜጦች የሁለት ቦንዶች ጦርነት አሉት። በገቢ ያሸነፈው ሙር ነው።

ጥያቄ፦ የ12 እና የ14 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ አባታቸው የቦንድን ፊልሞች አብረን እንይ ይላል። የትኞቹ ይሻላሉ? (ከኮምቦልቻ፣ እናት)

መልስ፦ በ1977ቱ «ዘ ስፓይ ሁ ላቭድ ሚ» ጀምሩ። ከተራራ ላይ በበረዶ መንሸራተቻ ተወርውሮ በጃንጥላ የሚወርደው ሰው በኮምፒውተር የተሠራ ሳይሆን በካናዳው ባፊን ደሴት ከሚገኝ አፋፍ በእርግጥ የዘለለ ባለሙያ ነው፤ ይህን ለልጆቹ ቀድመው ቢነግሯቸው ትዕይንቱን በሌላ ዓይን ያዩታል። ፊልሙ እንደ ሁሉም የቦንድ ፊልሞች የፍቅር ትዕይንቶች ስላሉት አስቀድመው ብቻዎን ቢያዩት መልካም ነው። «ላይሰንስ ቱ ኪል» ብሪታንያ ውስጥ ከ15 ዓመት በታች ላሉ የተከለከለ የመጀመሪያው የተከታታዩ ፊልም ስለነበር ይቆይ፤ «ካሲኖ ሮያል»ም የማሰቃየት ትዕይንት ስላለበት እንዲሁ።

ከደም መፋሰሱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቀደሙት ፊልሞች ሴቶችን የሚይዙበት መንገድ ነው። ብዙዎች ከሁሉ የሚያስበልጡት የ1964ቱ «ጎልድፊንገር» ቦንድ እምቢ የምትለውን ሴት በጉልበት የሚስምበት ትዕይንት ያለው ሲሆን፣ ፊልሙም ድርጊቱን እንደ ድል ያቀርበዋል። የቦንድ አስቶን ማርቲን መኪና የቱንም ያህል ብታምር፣ ይህን ሳይነጋገሩበት ከልጆች ጋር ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ተከታታዩ ራሱ ይህን ያመነው በ1995ቱ «ጎልደንአይ» ሲሆን፣ የሰላዩ አለቃ ሆና የመጣችው ጁዲ ዴንች ሴት የሚንቅ፣ ከቀዝቃዛው ጦርነት የተረፈ ዳይኖሰር መሆኑን ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ለአሥራ አራት ዓመቱ ልጅዎ ከ«ጎልድፊንገር» ቀጥሎ ይህን ማሳየት ጥሩ ወሬ ይከፍታል።

ጥያቄ፦ ሰባተኛው ቦንድ ማን ይሆናል? «ስካይፎል»ንስ ለምን አላነሳችሁም? ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ «ስካይፎል» በ2012 ወጥቶ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ፣ በፎቶግራፍ ውበቱም ከሁሉም የሚልቅ ፊልም ነው፤ የካሜራ ባለሙያው ሮጀር ዲኪንስ የሻንጋይን የሌሊት ብርሃን የተጠቀመበት የድብድብ ትዕይንት ብቻውን ሊታይ ይገባዋል። የባላንጣው ዕቅድ ግን በዕድልና በአጋጣሚ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ሰው ቆም ብሎ ካሰበው ይፈርሳል። ከአምስቱ የክሬግ ፊልሞች ሁለተኛ አደርገዋለሁ።

ስለ ሰባተኛው ተዋናይ ግምት መስጠት የዚህ አምድ ሥራ አይደለም። በ2025 የአሜሪካው የፊልም ድርጅት አማዞን ኤም ጂ ኤም የፊልሞቹን የፈጠራ ሥልጣን ከብሮኮሊ ቤተሰብ ተረክቦ፣ ካናዳዊውን ዴኒስ ቪልነቭን ለቀጣዩ ፊልም በዳይሬክተርነት መርጧል። የ2021ዱን «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ያላያችሁ የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ዝለሉት፦ ቦንድ በዚያ ፊልም መጨረሻ ስለሚሞት፣ የሚመረጠው ማንም ይሁን ማን ታሪኩን ከክሬግ ተቀብሎ ሊቀጥል አይችልም፣ እንደ 2006ቱ ከመጀመሪያው መነሳት ግድ ይለዋል።